ለሰሚር መኪና የመረጥኩት ዘይት

የካቲት 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ አማል ናት። «ሳትቀልድ አንድ ገጽ ቁም ነገር ከጻፍክ ስሜን እቀይራለሁ» ብላ። ማን ልትባል እንዳሰበች ስጠይቃት «ሂድ ወደዚያ፣ ጀመረህ» አለችኝ። ገና አራት መስመር አልሞላሁም፤ እስካሁን አማል ናት።

ለቁም ነገር ያህል፤ ስሜ ዮፍታሔ ነው። ዮፊ ይሉኛል። አሥረኛ ክፍል አንዴ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አልተመለስኩም። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። እነ አማል ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ወንድሟ ሰሚር ጀለሴ ነው፤ ጭቃ ስናቦካ ጀምሮ። ሥራዬ አብነት ሰፈር፣ በሱፍቃድ የሚባል ሰውዬ ዘይት ቤት ነው። እሱ የሞተር ዘይት ይሸጣል፤ እኛ ቡካ፣ ከመኪናው ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ከመኪናው ሆድ አሮጌውን አፍስሰን አዲሱን እንሞላለን። ቡካ መቃብር ነው፤ ልዩነቱ ማታ ማታ መውጣትህ ነው።

ዛሬ ሮቤራን ሸወድኩት። ሮቤራ ከጎናችን ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ባዶ የዘይት ጋሎን አጥቤ ቀዝቃዛ ሻይ ሞላሁበት። ከክዳኑ ሥር አፉ ላይ የሚለጠፈውን ብልጭልጭ ፎይል በካውያ መልሼ አጣበቅኩት። ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ ነው የሚመስለው። ሮቤራ ደንበኛ ፊት ላጠው፣ ሊያፈስ ሲል ሸተተው፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

«ስኳር የለውም» አለ።

«ሸወድኩህ!»

መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው በሱፍቃድ ብቻ ነው። ፎይሉን ከመሬት አንስቶ ወደ ብርሃን እያዞረ ያገላብጠው ነበር።

«እጅህ ጥሩ ነው» አለኝ። ለእሱ መሥራት ከጀመርኩ ያመሰገነኝ ገና ዛሬ ነው።

የካቲት 9

አሠራራችን እንዲህ ነው። ዘይቱ ተገልብጦ ሲያልቅ ባዶውን ጋሎን እዚያው ደንበኛው ፊት ቂጡን በካቻቢቴ እንበሳዋለን፤ ማንም አንስቶ ሌላ ነገር እንዳይሞላበት። ደንበኛው ያቺን «ጧ» የምትል ድምፅ ሲሰማ ነው ልቡ የሚያርፈው። አንዳንዱማ ካቻቢቴውን ተቀብሎ ራሴ ካልበሳሁ ይላል፤ አማቱን የሚወጋ ነው የሚመስለው።

ዛሬ በሱፍቃድ «ከእንግዲህ አትብሳ» አለኝ።

«ለምን?»

«ቆራሌው የተበሳ አልወስድም ብሏል።»

ቆራሌው ዕድሜ ልኩን የተበሳ ሲወስድ ነው የኖረው። ከሰዓት ወደ ጓዳ ይዞኝ ገባ። ካውያ፣ ፎይል፣ አዳዲስ ክዳን በከረጢት።

«ዕቃው በመርከብ ሲመጣ በሙቀት ፎይሉ ይላቀቃል» አለኝ። «አንተ መልሰህ ታጣብቃለህ። ለክፍለ ሀገር የሚላክ ነው።»

ከቡካ ወጣሁ ማለት ነው። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። አሥረኛ ክፍልንም የተውኩት ጥያቄ ስለማልወድ ነው።

አማል ደረጃ ላይ አገኘችኝና እጄን አየችው። «ዛሬ ታጥበሃል እንዴ?»

«አድጌ ነው» አልኳት።

የካቲት 15

ፎይል ስተኩስ ዋልኩ። ይደብራል። ድብርቱን ለማባረር አንድ ነገር ፈጠርኩ፤ ፎይሉ ገና ትኩስ እያለ በእስክሪብቶ ጫፍ ጠርዙ ላይ ሁለት ነጥብና ከሥራቸው ጎበጥ ያለች መስመር እጫናለሁ። የሚስቅ ፊት። ክዳኑ ሲገጠም አይታይም። አንድ ቀን ጅማ ይሁን ደሴ የሚከፍተው ሰው «ይሄ ደግሞ ማነው የሚስቅብኝ?» ይላል። ያንን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ።

ጋሎኖቹን የሚሞላው በሱፍቃድ ራሱ ነው፤ በር ዘግቶ። የተላቀቀው ፎይሉ ብቻ ከሆነ ለምን እንደሚሞላ አላውቅም። የጎደለ ይኖራል። ጓዳው የተቃጠለ ዘይት የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ዘይት ቤት ነው፤ ሽቶ ሊሸት ነው?

የካቲት 24

ሰሚር ለኢፍጧር ጠራኝ። እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ ሁለታችንም ጾመን ሳንቡሳ ላይ ተገናኘን። ሥጋ የሌለበትን ለብቻ ለይታ ያስቀመጠችልኝ አማል ናት። (ይህ ቁም ነገር ነው። ይመዝገብ።)

ስለ ሰማያዊዋ መኪና ልጻፍ። ሰሚር ተጋጭታ የቆመች ቱርቦ መኪና ገዛ። ሰው ሁሉ አበደ አለው። እሱና ሮቤራ ከብሎካችን ጀርባ ሸራ ወጥረው፣ ሞተሯን ዘርግፈው፣ አንድ በአንድ መልሰው አስነሷት። አሁን ስትነሳ የአራተኛ ፎቅ መስኮት ይንቀጠቀጣል። እማዬ «ያቺ አውሬ» ትላታለች። መጋቢት 28 ውድድር አለ። በደህና ከጨረሰ አንድ ቡድን በሹፌርነት ሊወስደው ቃል ገብቶለታል። ሰሚር ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም። ኮሌጅ አልፈለገም፣ ዱባይ አልፈለገም፣ እናቱ ያሳየችውን ልጅ እንኳ አልፈለገም።

«ዘይቱን አንተ ምረጥልኝ» አለኝ። «ቱርቦ እንደ ሌላው አይደለም፤ ብረቱ ግሎ ቀልቶ ነው የሚሽከረከረው። ፉል ሲንተቲክ፣ ኦሪጂናል። ገበያው በፌክ ተጨማልቋል። የዘይት ቤት ልጅ አንተ ነህ።»

«ከእኛ ቤት ግን አልገዛልህም» አልኩ። በጣም ፈጥኜ ነው ያልኩት።

«ምነው?»

«በሱፍቃድ ዋጋ ላይ ዘመድ አያውቅም።»

ሳቀ። ሰሚር በቀልዴ ሳይስቅ ቀርቶ አያውቅም፤ ያበላሸኝ እሱ ነው። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ዮፊ፣ በዚህ ግን እንዳትቀልድብኝ» አለ።

«አማል ትሙት!»

አማል በማንኪያ ጭንቅላቴን አለችኝ። «በራስህ ማል!»

መጋቢት 2

ከተክለ ሃይማኖት አለፍ ብሎ ያለ ትልቅ ሱቅ ሄድኩ። የመስታወት በር፣ ደረሰኝ፣ ክራቫት ያሠረ ሻጭ። ሆነ ብዬ ነው የመረጥኩት። ከእኛ ጓዳ የሚወጣው እዚህ አይደርስም፤ የእኛ ለክፍለ ሀገር ነው።

«ኦሪጂናል ነው?» አልኩት።

«ወንድም፣ እዚህ ሌላ አይሸጥም።»

«እስቲ ፌኩን አሳየኝና ልዩነቱን ልየው።»

«ፌክ የለንም አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ኦሪጂናል መሆኑን ከምን ጋር አስተያይተህ አወቅክ?»

ክራቫቱን አላላ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አደረገልኝ። የጽሑፉን ጥራት አየሁ፣ የተለጠፈውን ወረቀት ጠርዝ በጥፍሬ ሞከርኩ፣ የክዳኑን ቀለበት አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ሁለት ጋሎን ወሰድኩ፤ አንዱ ለሞተሯ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ካርቶኑ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ስለነበር ሁለተኛውን ከመደርደሪያ አወረደልኝ።

በእኔ ቤት ቀልድ የለም ዛሬ። ሰሚር ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

መጋቢት 4

ሲንተቲክ ዘይት ብርድ አይፈራም፤ ተራው ግን ፍሪዘር ሲገባ እንደ ቅባት ይወፍራል። ይሄን የማውቀው ከደንበኛ ነው። የካርቶኑን ጋሎን ከፍቼ በብርጭቆ ቀዳሁና ትናንት ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁት። አጠገቡ ከእኛ ጓዳ በላስቲክ ይዤ የመጣሁትን በሌላ ብርጭቆ። ለምን እንዳመጣሁ አላውቅም። እንዲሁ ለማወዳደር።

ጧት የቀሰቀሰኝ የእማዬ ጩኸት ነው። ብርጭቆውን ይዛ ሽሮ ድስቷ ላይ ቆማለች።

«ዘይት ከእናትህ ትደብቃለህ? በዚህ ኑሮ?»

«ጨምሪበት እማዬ፤ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይቀየር ያስኬድሻል።»

በማማሰያ እስከ ደረጃው አባረረችኝ።

የሱቁን ብርጭቆ ሳዘነብለው እንደ ውኃ ወረደ። ኦሪጂናል ነው፤ ምንም አያጠራጥርም። የእኛን ጓዳ አዘነበልኩት። አልወረደም። ገለበጥኩት። እዚያው ቆመ።

ክፍለ ሀገር ሞቃት ነው፤ አይወፍርባቸውም።

መጋቢት 7

ፈትኜ ያረጋገጥኩትን ጋሎን ይዤ ወረድኩ። ሰሚር ክዳኑን ነካ አደረገና መለሰልኝ።

«ተከፍቷል።»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ ፍሪዘር አስገብቼ ሞከርኩት። ወርቅ ነው!»

«ዮፊ፣ የተከፈተ ዘይት ሞተሬ ውስጥ አይገባም። አንተን አላመንኩም ማለት አይደለም። ግን ዓይኔ እያየ ነው የሚከፈተው።»

ልክ ነው። ደንበኛ እንዲህ እንዲያደርግ የማስተምረው እኔው ነኝ። የታሸገው ለእሱ፣ የተከፈተው እኛ ቤት የዕቃ ማጠቢያው ሥር። እማዬ በላዩ ላይ ትልቅ መስቀል ሠርታበታለች፤ በስህተት ሽሮ ውስጥ እንዳይገባ።

መጋቢት 23

ኢድ አለፈ፤ ሰሚር ጠገበ፤ እኔ ገና እጾማለሁ። ዛሬ ከብሎኩ ጀርባ ዘይቱ ተሞላ። ሮቤራ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ ሰሚር ቆሞ፣ አማል ከደረጃው ላይ። እኔ የቡና ማንኪያ ይዤ ማይክ አድርጌዋለሁ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ።

«ክቡራን አድማጮች፣ ሹፌሩ አሁን ክዳኑን ይዟል! እህቱ ግን አሁንም ጋዜጠኛውን ብቻ ነው የምታየው...»

«ማን? አንተን?» አለች አማል።

ሰሚር ፎይሉን ላጠ። ትንሽ አየውና ሳቀ። «እዩ እዩ፣ ዘይቱም ይስቅልኛል!» ብሎ ዳሽቦርዷ ላይ ለጠፈው፤ ለዕድል። እኔ ወደ አማል ዞሬ ስለነበር አላየሁትም።

ሮቤራ ከሥር ወጥቶ ሲፈስ አየው። «ጠቆር አላለባችሁም?» አለ።

«ስኳር ጎደለው በል!» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። ሮቤራም እየሳቀ እጁን ጠረገ። ባዶውን ጋሎን በካቻቢቴ በሳሁት። ጧ። ከናፈቀኝ ድምፅ ጋር ተገናኘሁ።

መጋቢት 24

«ይስቅልኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ደስ ሲለው እንዲህ ያወራል። ባለፈውም ጎማዋ ዘፈነችልኝ ብሏል።

ትልቅ ሱቅ ነው። ደረሰኝ አለው። የእኛ ለክፍለ ሀገር ነው።

ከመደርደሪያ ነው ያወረደልኝ።

መኪናዋ ከመስኮቴ ትታያለች። ሸራ ለብሳለች። ወርጄ ሸራውን ገለጥ አድርጌ ማየት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። እግሬን አሞኛል። ነገ።

መጋቢት 25

ስነሳ ሸራው ብቻ ነው ያለው። ለሙከራ ይዟት ወጥቷል። ደወልኩለት።

«ሰሚር፣ ዘይቱን ቀይረው።»

«ምን?»

«ዘይቱን። ቤት ያለውን፣ ያን የተከፈተውን አምጥቼ እንቀይረው።»

ሳቁ መጣ። «አንተ ልጅ! ውድድር ሊደርስ እንዲህ ይቀለዳል? ልቤን ቀጥ አደረግከው እኮ! በል፣ ሸወድኩህ በል።»

ከኋላው ሞተሯ ይሰማል። ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ፤ እንዲህ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም።

«ሸወድኩህ» አልኩት።

መጋቢት 26

ሰሚር። ፈጣን መንገዱ ላይ።

አማል ደረጃው ላይ ስትጮኽ ሰማሁ። ጫማ ሳላደርግ ወረድኩ።

በሩጫ ላይ እያለች ሞተሯ ቀጥ አለ። መሪው አልታዘዝ አለው። የመንገዱ ዳር ብረት ውስጥ ገባች፤ በሹፌሩ በኩል።

በሕይወት አለ። አለ ብለዋል። አለ።

መጋቢት 29

ውድድሩ ትናንት ነበር። ማን እንደጨረሰ አልጠየቅንም።

ሐኪም ቤት አስገቡኝ። ግራ እግሩ የለም፤ ከጉልበቱ በታች። አንሶላው ላይ አንዱ ጋ ጉብ ይላል፣ አንዱ ጋ ሜዳ ነው። የት እንደማይ ጠፋኝ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ወረቀት ሦስቴ አነበብኩት።

«የክላቹን እግር ነው የወሰዱት» አለኝ። «ሞኞች አይደሉም፤ የነዳጁን ትተውልኛል። አውቶማቲክ እነዳለሁ።»

እኔ ነበርኩ እንዲህ ማለት የነበረብኝ። ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ነገር ሳቅ አልነበረም። አማል ኮሪደር ላይ ውኃ ሰጠችኝ። «አንተ እንኳ ስታለቅስ!» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። እጇ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። እንድታነሳው ልነግራት ነበር።

ሚያዝያ 3

የተረፈችውን መኪና ጎትተው ሮቤራ በር ላይ አቁመዋታል። አማል «ጃኬቱንና ቁርዓኑን አምጣልኝ፤ እኔ ላያት አልችልም» አለችኝ። ጃኬቱን አመጣሁ። ቁርዓኑን በንጹሕ ፎጣ ይዤ አመጣሁ።

ዳሽቦርዷ ተሰንጥቋል። የተለጠፈው ነገር ምንም አልሆነም። አነሳሁት። ኪሴ ውስጥ ነው።

ሌላ ዛሬ የሚጻፍ የለም።

ሚያዝያ 10

ደረጃው ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ ስወጣ ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ እሱን ምን አገባው ብለው ነው።

«ያ መካኒክ ነው ልጁን የፈጀው።»

«ብሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ነው አሉ።»

«በሰው ልጅ ሲለማመድ!»

ሮቤራ ሞተሯን ፈትቷታል። ዘይቱ ሬንጅ ሆኗል፣ ብረት ብረትን በልቶታል ይላል። የሚሰማው የለም። «ዘይቱንማ ዮፊ ከትልቅ ሱቅ በደረሰኝ ነው የገዛው፤ ፍሪዘር አስገብቶ ሞክሮታል» ይሉታል። የፍሪዘሩን ነገር ለመንደሩ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ እማዬ በማማሰያ ስታባርረኝ እያስመሰልኩ። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

ዛሬ ጋራዡ በር ላይ ሳልፍ ሮቤራ ብቻውን ተቀምጧል። አንድም መኪና የለም። «ዮፊ፣ ና እስቲ አስቀኝ» አለኝ። እቸኩላለሁ አልኩት።

ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። እማዬ ዶሮ ሠርታ ለሰሚር ልካለች፤ እነሱ ስለማይበሉት አማል በሳህኑ ብርቱካን ሞልታ መለሰች። በፊት ቢሆን ለሳምንት ሙድ የሚያዝበት ነገር ነው።

በሱፍቃድን ጓዳ አገኘሁትና ፎይሉን አሳየሁት።

«ለክፍለ ሀገር ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ክፍለ ሀገር የገዛ ነጋዴ መልሶ ከተማ ቢሸጥ እኔ ምን ላድርግ?» ፎይሉን እንደ ያኔው ወደ ብርሃን አዞረው። «ይሄ ፊት ምንድነው?»

ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ያንተ ነው? ፈርመህበት ነው የምትልከው?» ሳቀ። እስከ ዛሬ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። «የኔ እጅ ያለበት አንድ ነገር አሳየኝ እስቲ ዮፍታሔ። የኔ ፊት ያለበት።»

ፎይሉን ኪሴ ውስጥ ራሱ መልሶ ከተተልኝ። ደረቴን መታ መታ አደረገው። «ሂድ ሥራህን ሥራ።»

ሚያዝያ 15

ዛሬም ተኮስኩ። ፊት ግን አልሠራሁም።

ሚያዝያ 19

እማዬ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ፈተሸች። ፎይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ይሄ ምን ይገለፍጣል?»

«የሰሚር ነው። መኪናው ውስጥ የነበረ።»

«ታዲያ ለምን አትወስድለትም? ትንሽ ይሳቅበት ልጁ።»

ሚያዝያ 24

ሰሚር ቤቱ ገብቷል። ክራንቹን ግድግዳ ላይ ደግፎ፣ አዲስ ሥራ ጀመርኩ ይላል፤ መስኮት ላይ ተቀምጦ ታክሲ መቁጠር።

«አጎቴ አብዱልሃሚድና ጋሽ ሀብተ ማርያም ሽማግሌ ሆነዋል» አለኝ። ጋሽ ሀብተ ማርያም የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ ውኃ ሲጠፋ የምንጮህባቸው። «ግንቦት ልደታ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ስላለ፣ ከጁምዓ በኋላ ይቀመጣሉ። ሮቤራ ጥፋቴ ነው ብሎ ካመነ የብየዳ ማሽኑንና መሣሪያውን ያስረክባል፤ ከሰፈርም ይወጣል።»

«አንተስ? እሱ ያጠፋ ይመስልሃል?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አብሬው ነው የሠራሁት። እያንዳንዱን ብሎን ሁለታችን ነን ያጠበቅነው። ግን ሌላ ምን ይሆናል ዮፊ? ዘይቱን አንተ መረጥክልኝ። እሱን እንኳ አልጠራጠርም። ሲጠይቁህ ደረሰኙን ይዘህ ግባና ንገራቸው።» ከዚያ ጎኔን ጎሰመኝ። «አደራ፣ ሽማግሌ ፊት እንዳትቀልድ።»

ደረሰኙ አለኝ። ትልቅ ሱቅ ነው። የፈተንኩት ኦሪጂናል ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ አንዱንም አልዋሽም። እንዲህ ብዬ መተኛት ካልቻልኩ ምን ብዬ ልተኛ?

ሚያዝያ 30

በጧት ዘይት ቤቱ ገባሁ። በሱፍቃድ አልመጣም። ካቻቢቴውን አነሳሁ፤ ጓዳ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ባዶውንም የተሞላውንም ቂጥ ቂጡን በሳሁት። ጧ። ጧ። ጧ። ጥቁሩ ዘይት በበሩ ሥር ወጥቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ቡካ ውስጥ ያለው ልጅ «ዮፊ አብደሃል?» ይላል። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ለእማዬ አልነገርኩም። የነገው ይቀልልኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለም። የበሳሁት የእሱን ጋሎን ነው።

ግንቦት 1

ደብተሩ ላይ የዛሬን እንዳለ ነው የምጽፈው።

የብሎካችን በር ላይ ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው ለአላፊ አግዳሚው ይዘግናሉ። ከማርያም የመጣ ሰው ደረጃውን ሞልቶታል። ለእኔም በእፍኜ ሊሰጡኝ ሲሉ ሁለቱም እጄ ተይዟል አልኩ። በአንዱ የዕቃ ማጠቢያው ሥር የነበረውን ጋሎን ይዣለሁ፤ መስቀል የተሠራበትን። አንዱ ግን ባዶ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነው።

እነ ሰሚር ቤት ስገባ ሰሚር ፍራሽ ላይ ተደግፏል፤ ጋቢ ለብሷል። ጋሽ ሀብተ ማርያምና አጎቱ ወንበር ላይ። ሮቤራ በሩ አጠገብ፣ ዱካ ላይ፤ ጥፍሩን ፈትጎ ታጥቦ መጥቷል፤ መካኒክ አይመስልም። አማል ኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

«ዮፍታሔ፣ ዘይቱን የመረጥከው አንተ ነህ?» አሉኝ አጎቱ።

«አዎ ጋሼ።»

«ኦሪጂናል ነበር?»

ጋሎኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ ኦሪጂናል ነው። ከፍቼ የሞከርኩት ይሄ ነው። ሞተሯ ውስጥ የገባው ይሄ አይደለም። የታሸገው ነው።»

«እና የታሸገው ምን ሆነ?»

ፎይሉን አውጥቼ ለሰሚር ሰጠሁት። «ይሄ እሱ ላይ የነበረው ነው። ያሸግኩት እኔ ነኝ። በሱፍቃድ ጓዳ፣ በካውያ። የተቃጠለ ዘይት ነው ያለበት። አውቅ ነበር ጋሼ... በደንብ አላውቅም ነበር። አውቅ ነበር። ፊቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሮቤራ ምንም አላደረገም። ጠቆር ብሏል ሲል ያሳቅኩበት እኔ ነኝ።»

ሮቤራ ቀና አለ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ወደ አጎቱ ዞር ብለው «ይሄ ልጅ ዛሬም ይቀልዳል እንዴ?» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ጠይቀው ነው። አማልን አላየኋትም። ማየት አልቻልኩም።

ሰሚር ፎይሉን ጋቢው ላይ አኖረው፤ እግሩ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ። ያቺ ፊት ከዚያ ሆና ትስቃለች። አያት፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የከንፈሩ ጫፍ ለሳቅ ተዘጋጅቷል፤ ሁሌ እንደሚያደርገው፤ እኔ እስክጨርስ እንደሚጠብቀው።

«በል» አለኝ።

ከታች እልልታ ይሰማል።

«በላ ዮፊ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሸወድኩህ በለኝ።»

አላልኩትም።